«ኢንጀክተሩ ይታጠብ» ከመባሉ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከገላን እስከ ሱሉልታ፣ መኪና ቤንዚን በላ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዙር) ዋዠቀ፣ ጠዋት አልነሳ አለ ሲባል በየጋራዡ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ኢንጀክተሩ ቆሽሿል፣ ይታጠብ።» ምንም ሳይለካ፣ ካንዴላ እንኳ ሳይነቀል! ባለመኪናው ከፍሎ ይሄዳል፣ ብልሽቱ ግን አብሮት ይሄዳል። እዚህ የምናነሳው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩትን ባለኢንጀክሽን ኮሮላዎች፣ ማለትም ቤንዚኑ በኢንጀክተር ወደ ሞተሩ የሚረጭላቸውን ነው።

«ቤንዚን ከበላ ኢንጀክተሩ ቆሽሿል»

የቆሸሸ ኢንጀክተር የሚረጨው ቤንዚን ያንሳል እንጂ አይበዛም። መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለ አራቱን ካንዴላዎች ነቅለው በተራቸው ይደርድሩ። አንዱ ብቻ ጥቀርሻ ከለበሰ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፦ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ደካማ እሳት። አራቱም እኩል ከጠቆሩ ግን አራት ኢንጀክተር ባንድ ጊዜ ተበላሸ ማለት ዘበት ነው፤ አራቱንም የሚነካ አንድ ነገር አለ።

እሱን ለማግኘት መጀመሪያ የቤንዚኑን ግፊት የሚቆጣጠረውን የፕሬሸር ሬጉሌተር ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው ጫፉን ያሽትቱ። በቤንዚን ከራሰ የውስጡ ላስቲክ ተቀዷል፤ ሞተሩ ቤንዚኑን በዚያ ቱቦ እየመጠጠ ነው። ደረቅ ከሆነ ወደ ማፕ ሴንሰሩ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው) ቱቦ ይሂዱ፤ ከተሰነጠቀ ወይም ከወለቀ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሙሉ ጭነት የተሸከመ ይመስለውና ቤንዚን ይጨምራል። ከዚያ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው በቴስተር ይለኩ። 20 ዲግሪ ላይ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ200 እስከ 400 ኦም መሆን አለበት። በሞቀ ሞተር 2,000 ካነበበ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ የጠዋት ቤንዚን እየሰጠ ነው፤ ኢንጀክተሩን አሥር ጊዜ ቢያጥቡት ለውጥ የለም።

ኢንጀክተሩን ራሱን ለመፈተሽ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልወረደ ሥራ ያቆመው ያ ሲሊንደር ነው። ረጅም ካቻቪቴ ኢንጀክተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ቲክ ቲክ ካላለ ኦሙን ይለኩ፣ 14 አካባቢ መሆን አለበት።

«ለእኛ አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም»

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ነው። ሱሉልታ ላይ ጠዋት የሚወጣ መኪና ያለ እሱ ለመሞቅ ብዙ ኪሎ ሜትር ይፈጅበታል። እስከዚያ ድረስ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን አይቀንስም። 82 ዲግሪ የሚከፍተውን ያስገቡ፤ መኪናው የሚግል ከሆነ ራዲያተሩን ያሠሩ።

«ቼክ ኢንጂን ካልበራ ችግር የለም»

መብራቱን የሚያበራው የብልሽት ኮድ የሚመጣው የሴንሰሩ ገመድ ሲበጠስ ወይም ሲነካካ ነው። ልኩን የሳተ ሴንሰር መብራቱን ላያበራ ይችላል።

«አሮጌ መኪና በኮምፒውተር አይነበብም»

አጭር ሽቦ ይበቃል። ኮፈኑ ሥር ባለው የዲያግኖሲስ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1ን አገናኝተው ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱና የቼክ ኢንጂን መብራቱን ብልጭታ ይቁጠሩ። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 ማፕ ሴንሰር ነው። ሳያቋርጥ እኩል ከበለጨለጨ የተያዘ ኮድ የለም። ባትሪ መንቀል መድኃኒት ነው የሚሉም አሉ፤ የሚያደርገው ይህንኑ ኮድ ሳይነበብ ማጥፋት ነው።

«ፓምፑ ድምፅ ካለው ደህና ነው»

ድምፅ ግፊት አይደለም። የግፊት ጌጅ ገጥመው በዚያው የዲያግኖሲስ ሳጥን ኤፍፒ እና ፕላስ ቢን በሽቦ ያገናኙ፤ ቁልፉ ሲከፈት ከ38 እስከ 44 ፒኤስአይ ማንበብ አለበት። ካነሰ መጀመሪያ የቤንዚን ፊልትሮውን ይቀይሩ። ፓምፑ ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ከ21 ፒኤስአይ በታች ከወረደ ጠዋት የማይነሳበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

«የአዲስ አበባ ከፍታ ኢንጀክሽኑን ያዛባል»

ከፍታው የሚያዛባው ካርቡራተርን (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የድሮ ዕቃ) ነው። ኢንጀክሽን የአየሩን ግፊት ለክቶ ራሱን ያስተካክላል።

«ታጥቦ መልሶ መግጠም ምንም አይደል»

ከላይ ያለው ፈተና ማጠብ ግድ ነው ካለም የኢንጀክተሩ ጎሚኒዎች (የላስቲክ ማሸጊያዎች) ሁሉ አዲስ ይሁኑ። የደረቀ ጎሚኒ ቤንዚን የጋለ ሞተር ላይ ያፈሳል፣ መኪና የሚቃጠለውም እንዲህ ነው። ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሱ ፓምፑን በሽቦው አስነስተው የእያንዳንዱን ኢንጀክተር ዙሪያ በጣት ይዳስሱ፤ ትንሽ እርጥበት ካለ ቁልፉን ዘግተው እንደገና ይፍቱት።