በስኪ እየተንሸራተቱ ፎቶ ማንሳት

ስኪ (እግር ላይ በሚታሰሩ ረጃጅም ሰሌዳዎች በረዶ ላይ መንሸራተት) ላይ የሚነሳ ፎቶ መጀመሪያ አካባቢ ያበሳጫል። ዓይን ያየው የሚያብረቀርቅ ነጭ ነበር፤ ፎቶው ላይ የወጣው ግን አመድ የመሰለ በረዶና ፊቱ የጠቆረ ጓደኛ ነው። ካሜራው አልተበላሸም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ስለሚገምት፣ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሲያጋጥመው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ፎቶውን ያጨልመዋል። መፍትሔው ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ከ+1 እስከ +2 ከፍ ማድረግ ነው። ስልክም ላይ ስክሪኑን ነክቶ ብርሃኑን መጨመር ይቻላል። ሲበዛ ግን በረዶው ላይ ያለው ዱካ ሁሉ ይጠፋና ባዶ ወረቀት ይመስላል።

ምርጡ ሰዓት ፀሐይ ዝቅ የምትልበት፣ ጠዋትና አመሻሽ ነው። ብርሃኑ በጎን ሲመታው እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ያወጣል። ጥላው ከሰማዩ የተነሳ ሰማያዊ ይሆናል፤ እኔ ባይስተካከል እመርጣለሁ፣ ብርዱ የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። ሲደምን መሬትና ሰማይ ስለሚቀላቀሉ ዛፍ ያለበት መጠጋት፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ልብስ የለበሰ ሰው ማንሳት ያዋጣል።

የሚንሸራተተውን ሰው ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ሹተር (ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው የካሜራ ክፍል) ያስፈልጋል። ፎቶ አንሺው ቀድሞ ይወርድና የት ጋ መታጠፍ እንዳለበት ለጓደኛው ያሳየዋል፤ በረዶው የሚበተነው እጥፋቱ ላይ ነው። ከጎን ሲነሳ ቁልቁለቱ ቁልቁለት ይመስላል፤ ፊት ለፊት ከታች ሲነሳ ግን ሜዳ ይሆናል።

ብርድ ባትሪን ቶሎ ያደክማል። ትርፍ ባትሪ የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ገላ አጠገብ ይቀመጥ። ሞተ የተባለው ባትሪም ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሞቃት ቤት ሲገባ ደግሞ ካሜራው ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ስለዚህ ገና ውጭ እያለ ላስቲክ ውስጥ አስገብቶ በደንብ መዝጋት፣ እስኪሞቅም አለመክፈት።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ የመቆሚያው ቦታ ነው። የዓለም አቀፉ የስኪና የስኖውቦርድ ፌዴሬሽን ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉት 10 የሥነ ምግባር ደንቦች አሉ፤ 6ኛው ጠባብ ወይም እይታ የተከለለበት ቦታ ላይ ያለበቂ ምክንያት መቆምን ይከለክላል። ዝላይ ለማንሳት የሚያምረው ደግሞ ልክ ከጉብታው ሥር ነው፣ ከላይ የሚመጣው ሰው በማያይበት። እዚያ መቆም ግድ ከሆነ፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን አይቶ ምልክት የሚሰጥ ሌላ ሰው ጉብታው ላይ ይቁም።