አዛን ምንድን ነው? አገር እየዞረ አዛን የሚያደርግ እንግዳስ ምን ፈልጎ ነው?

ከሐርቡ አለፍ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ቆርቆሮ የለበሰች ትንሽ መስጂድ አለች። ለአስር (ለከሰዓት በኋላው) ሶላት ስንደርስ መብራት ጠፍቷል። ሞንታርቦው ጣሪያው ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ዝም ብሏል። ሙአዚኑ፣ አዛን የሚያደርጉት ሰው፣ ሽማግሌ ናቸው፤ በጆግ ውኃ ውዱእ እያደረጉ (ለሶላት እየታጠቡ) አገኘኋቸው።

«ሸኽዬ፣ ቢፈቅዱልኝ አዛኑን እኔ ላድርግ?» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጉሮሮ አለህ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«በል እዚያች ድንጋይ ላይ ውጣ።»

ወጣሁ። ወደ ቂብላ (ወደ መካ አቅጣጫ) ዞርኩ። ጣቶቼን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ስጨርስ ከማሽላው ማሳ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፤ አንደኛው ማጭዱን እንደያዘ ነው።

አይሱዙ ነው የምነዳው። አገሩን ከጫፍ ጫፍ ስዞር ልማድ አድርጌዋለሁ። የሶላት ሰዓት በደረሰብኝ መስጂድ እገባና፣ ከፈቀዱልኝ አንድ አዛን አደርጋለሁ። ረዳቴ ክርስቲያን ነው። ከጋቢናው ሆኖ ያየኛል። የዚያን ቀን ግን አላስቻለውም። «ቆይ፣ ምን እያልክ ነው የምትጮኸው? ጸሎት ነው? ደግሞስ የራሳቸው ሰው እያለ አንተ ለምን?» አለኝ። እስከ ኮምቦልቻ የነገርኩትን ነው እዚህ የማወራው። ትንሽ ጨምሬበታለሁ።

አዛን ሶላት አይደለም። የሶላት ሰዓት መድረሱን የሚናገር ጥሪ ነው። ዐረብኛ ቃሉ ማሳወቅ ማለት ነው፤ ሥሩ ደግሞ ከጆሮ ጋር አንድ ነው። ዐረብኛው ጆሮን «ኡዙን» ይላል። ግዕዙ «እዝን» ይላል። ረዳቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበረ ይቺን ሲሰማ ሳቀ።

ቃላቱ ጥቂት ናቸው። «አላሁ አክበር» ይላል፤ አላህ ታላቅ ነው። ይህ አራት ጊዜ ነው። «አሽሐዱ አን ላ ኢላሀ ኢለላህ» ሁለት ጊዜ፤ ከአላህ በቀር አምላክ እንደሌለ እመሰክራለሁ። «አሽሐዱ አነ ሙሐመደን ረሱሉላህ» ሁለት ጊዜ፤ ሙሐመድ የአላህ መልእክተኛ መሆናቸውን እመሰክራለሁ። ከዚያ ፊትን ወደ ቀኝ መለስ አድርጎ «ሐይየ ዐለ ሶላህ»፤ ወደ ሶላት ኑ። ወደ ግራ መለስ ብሎ «ሐይየ ዐለል ፈላሕ»፤ ወደ ስኬት ኑ። ከዚያ «አላሁ አክበር» ሁለቴ፣ መዝጊያው «ላ ኢላሀ ኢለላህ» አንድ ጊዜ። በቃ። በሱብሒ (በንጋቱ ሶላት) ብቻ አንድ ሐረግ ይጨመራል፦ «አስሶላቱ ኸይሩን ሚነን ነውም»፤ ሶላት ከእንቅልፍ ይሻላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በደሴ ብርድ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ስትሰማው ቃሉ ላንተ ብቻ የተነገረ ነው የሚመስለው።

ሰሚውም ድርሻ አለው። ሙአዚኑ የሚለውን ተከትሎ ቀስ ብሎ ይላል። «ኑ» የሚለው ጋ ሲደርስ ብቻ ቃሉ ይለወጣል፤ «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ይላል፣ ብልሃትም ኃይልም በአላህ ካልሆነ የለም እንደማለት ነው። የተጠራ ሰው መልሶ «ኑ» አይልማ።

እንዴት ተጀመረ? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ622 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምናገረው) ወደ መዲና ሲገቡ አዛን የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ሰዓቱን ገምቶ ነበር የሚሰበሰበው። በኋላ ተመካከሩ። አንዱ እንደ ክርስቲያኖቹ ደወል ይሁን አለ። ሌላው እንደ አይሁዶቹ ቀንደ መለከት አለ። እሳት እናንድድ ያለም ነበር። ይህ እንዳለ ዐብደላህ ኢብን ዘይድ የሚባል ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) በሕልሙ ቃላቱን ሰማ። ዑመርም እኔም ይህንኑ አይቻለሁ አሉ። ነቢዩ ሕልሙ እውነት ነው ብለው፣ ዐብደላህን ለቢላል እንዲያስተምረው አዘዙት። ምክንያቱንም ነገሩት፦ የሱ ድምፅ ካንተ ይልቅ ያምራል፣ ይርቃልም።

ቢላል ኢብን ረባሕ መካ ውስጥ በባርነት የኖረ፣ ዘሩ ከሐበሻ የሆነ ሰው ነው። እናቱ ሐማማ ትባላለች። በእስልምናው የተነሳ በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጭነውበት ነበር። አቡበክር ገዝተው ነፃ አወጡት። መዲና ላይ የመጀመሪያው ሙአዚን ሆነ። ያን ጊዜ ሚናራ (የመስጂድ ማማ) የለም። ከመስጂዱ አጠገብ የአንዲት ሴት ቤት ከፍ ያለ ስለነበረ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጎህ እስኪቀድ ይጠብቅ ነበር። መካ በ630 በሙስሊሞች እጅ ስትገባ ደግሞ ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን አደረገ። በባርነት የተገዛበት ከተማ ከሥሩ ሆኖ ሰማው። ነቢዩ ካረፉ በኋላ አዛኑን ተወ፤ ወደ ሻም (ወደ ሶርያ ምድር) ሄደ። ዑመር ወደ ሻም ሲመጡ አንድ ጊዜ እንዲያደርግ ለመኑት፣ አደረገ። እዚያ የነበሩት በሙሉ አለቀሱ ይባላል። መቃብሩም ደማስቆ እንደሆነ ይነገራል።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ትግራይ ውስጥ፣ ነጋሽ ላይ ያረፉት ሶሓቦች በመጡበት ቀን አዛን አድርገው የገቡ ይመስለዋል። አላደረጉም። የመጀመሪያው ሂጅራ (ስደት) ወደ ሐበሻ በ615 ነው። አዛን የመጣው ከዚያ ሰባት፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ መዲና ላይ ነው። ሐበሻ የገቡት ሙስሊሞች ዓመታትን ያለ አዛን ነው የሰገዱት። እነሱ እዚህ እያሉ፣ ሐበሻው ልጅ እዚያ ጥሪውን ጀመረው። ነጋሽ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ ዝም ነው ያልኩት።

ቢላል ብቻውን አልነበረም። ኢብኑ ኡም መክቱም የሚባል ዓይነ ስውር ሙአዚንም ነበር። በረመዳን ቢላል ገና ሌሊት ሳለ ይጠራል፤ ሰው ለሱሑር (ከጾም በፊት ለሚበላው ምግብ) ይነሳል። ጾሙ የሚያዘው ዓይነ ስውሩ ሲጠራ ነው። ጎህ መቅደዱን የሚያየው ሌላ ሰው ነው፤ «ነግቷል፣ ነግቷል» ሲሉት ነበር የሚጠራው። አንዱ ያያል፣ ሌላው ይጮኻል።

አዛን ዘፈን አይደለም፤ መሣሪያ የለበትም። ዜማ ግን አለው፣ ዜማው ደግሞ አገር አለው። ቱርኮች ለአምስቱ ሰዓት አምስት የዜማ ስልት ለይተዋል፤ ሱብሒው «ሰባ» በሚባለው ስልት፣ የአስር ሶላቱ በ«ራስት»፣ የምሽቱ ኢሻ በ«ሒጃዝ» እያለ ይሄዳል። ጆሮው የለመደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሰዓቱን ያውቃል። ቱርክ ሌላም ታሪክ አላት። ከ1932 እስከ 1950 አዛን በቱርክኛ እንጂ በዐረብኛ እንዳይሆን ተደርጎ ነበር። በ1950 ክልከላው ሲነሳ ወደ ዐረብኛው ተመለሱ። ካይሮ ደግሞ በ2010 የከተማው መስጂዶች ሁሉ አንድ ሰው የሚያደርገውን አዛን በሬዲዮ ተቀብለው እንዲያሰሙ የሚል አሠራር ተጀምሮ ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ አልወደውም። ጫጫታው እንደሚቀንስ ይገባኛል። ግን የሰፈርህ ሙአዚን ጉንፋን ሲይዘው በድምፁ ማወቅ አለብህ።

ድምፅ ማጉያ የመጣው በቅርብ ነው። የሲንጋፖሩ ሱልጣን መስጂድ በ1936 እንደተጠቀመ ተመዝግቧል። ዛሬ ያለ ሞንታርቦ አዛን የሰማ ወጣት ጥቂት ነው። ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ ውስጥ አዛኑም ቅዳሴውም በሞንታርቦ ነው፤ እንቅልፍ የሚወድ ሰው ሁለቱንም ያማርራል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው።

አዛን የሚከተለው ፀሐይን ነው። ዙሁር ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል፣ መግሪብ ስትጠልቅ፣ ሱብሒ ጎህ ሲቀድ። መሬት ደግሞ አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። አገራችን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 15 ዲግሪ ገደማ ትሰፋለች። ይህ ማለት ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ሆኖ፣ በፀሐይ ግን ከጫፍ ጫፍ አንድ ሰዓት ያህል ልዩነት አለ። ሐረር ከአዲስ አበባ 13 ደቂቃ ገደማ ትቀድማለች። ጅማ 8 ደቂቃ ገደማ ትዘገያለች። አሶሳ 17 ገደማ። አዛን በአንድ ጊዜ አይሰማም፤ ከጅግጅጋ ተነስቶ እንደ ጥላ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

ይህን ሳላውቅ ረመዳን ላይ ጅማ ገባሁ። ኪሴ ውስጥ የአዲስ አበባ የሰዓት ሠንጠረዥ አለ። ለመግሪብ ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ፈቀዱልኝ። ሠንጠረዡን አየሁ፤ ደርሷል። ማይኩን አበራሁ፣ ትንፋሽ ወሰድኩ። ሙአዚኑ እጄን ያዙኝ። ምንም አላሉም። በመስኮቱ ወደ ምዕራብ ብቻ ጠቆሙኝ። ፀሐይዋ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ገና አልገባችም። በዚያች ሰዓት «አላሁ አክበር» ብል ኖሮ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያለ ሰዓቱ ጾሙን አስፈታው ነበር። ተምሩ በየሰው እጅ ላይ ነው። ፊቴ ጋለ። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዡን ጥዬ ስልኬ ላይ ያለሁበትን ከተማ እመርጣለሁ፤ ደግሞም ቀና ብዬ አያለሁ።

እንግዳ አዛን ማድረግ ይችላል? ይችላል። ግን የመስጂዱ ሙአዚን መብት አለው፤ ሳያስፈቅዱ ቀድሞ መነሳት ነውር ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ። አዛን እንደየመዝሀቡ (እንደየሃይማኖት ሕግ ፈለጉ) በቁጥር ይለያያል። ሐነፊዎች ዘንድ 15 ሐረግ ነው። ሻፊዒዮች ምስክርነቶቹን መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ በጩኸት ስለሚሉ 19 ይደርሳል። ማሊኪዎች ዘንድ 17 ነው። ስለዚህ «እናንተ ጋ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ሰው ቤት ገብተህ ጫማ የት እንደሚወለቅ እንደምትጠይቀው ማለት ነው። ሙሳፊር (መንገደኛ) ደግሞ አራት ረከዓውን (የሶላቱን ዙር) ወደ ሁለት አሳጥሮ መስገድ ይፈቀድለታል። አዛኑ ግን አያጥርም።

«አንተ ለምን?» ላለው ረዳቴ የመለስኩለት ይህን ነው። አንድ ሐዲስ አለ። አቡ ሰዒድ አልኹድሪ በግና ገጠር ለሚወድ ሰው እንዲህ አሉት፦ ከበጎችህ ጋር ሜዳ ላይ ብትሆን እንኳ አዛን ስታደርግ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ የሙአዚኑን ድምፅ የሰማ ጂንም ሰውም ማንኛውም ነገር በቂያማ (በትንሣኤ) ቀን ይመሰክርለታል። ይህንንም ከነቢዩ ነው የሰማሁት አሉ። ታዲያ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሃምሳ ዓመት የጠራ ሰው የሰፈሩ ድንጋይና ዛፍ ያውቀዋል። እንደኔ ዓይነት ሹፌር ደግሞ ምስክሮቹን በየአገሩ ይበትናል። የሐርቡ ማሽላ አንዱ ነው። አዋሽ ወንዝ ዳር ያለ የግራር ዛፍ ሌላው።

ሐረር ላይ ግን ተራ ማግኘት ከባድ ነው። ጀጎል ግንብ ውስጥ 82 መስጂድ አለ፤ ዩኔስኮም ከተማዋን በ2006 ሲመዘግብ ይህን ቁጥር ጽፏል። ቦታው ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። መግሪብ ላይ ጠባቡ መንገድ ውስጥ ብትቆም አንዱ «አላሁ አክበር» ሲጀምር ሌላው «ሐይየ ዐለ ሶላህ» ጋ ደርሷል። አንዱን ልከተል ስትል ሌላው ይነጥቅሃል። ከአንዷ ትንሽ መስጂድ ፈቃድ አግኝቼ አደረግኩ። ድምፄን ራሴም በቅጡ አልሰማሁትም።

የአጎቴ ልጅ ሚኒያፖሊስ ነው የሚኖረው። ኦሮሞና ሶማሌ የበዛበት ሰፈር ነው። በ2023 ሚያዝያ ላይ የከተማው ምክር ቤት አምስቱም አዛን በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ ፈቀደ። ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የመጀመሪያው ነው። ደወለልኝና ስልኩን በመስኮት አወጣልኝ። ነፋስና መኪና ነበር የበዛው። ቢሆንም ገባኝ።

ረዳቴ አሁን ለምዶታል። እኔ መስጂዱን ሳላይ በፊት ሚናራውን ይጠቁመኛል። ባለፈው ወደ ነቀምት ስንወጣ ሰዓቴን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ ወደ ምዕራብ እየሄድን ነው፤ እንደ ጅማው እንዳታዋርደን፣ ጥቂት ደቂቃ ጨምርበት» አለኝ።