የዜልዳ ጌሞች፦ የሚባለውና እውነታው

አንድ የጌም ተከታታይ 40 ዓመት ሲቆይ ተጫዋቾቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ «አዲስ ነገር ከሌለው ለምን እገዛዋለሁ?» ይላል። ሌላው «ታሪኩን ገደሉት» ብሎ ያማርራል። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የኒንቴንዶ «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» ከ1986 ጀምሮ በዚህ ክርክር መሀል ነው ያለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በክርክሩ ውስጥ እየተደጋገሙ እንደ እውነት የተያዙ ነገሮች አሉ። ጥቂቶቹን እንይ።

«አረንጓዴ የለበሰው ልጅ ዜልዳ ነው»

አይደለም። እሱ ሊንክ ነው። ዜልዳ የሃይሩል መንግሥት ልዕልት ናት። በዋናው ተከታታይ ውስጥ ዜልዳ ራሷ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆና የምንጫወትባት ጌም የመጣችው በ2024 ነው፤ «ኢኮስ ኦፍ ዊዝደም» ትባላለች። ስሟ በሽፋኑ ላይ ለተጻፈ ሰው ረጅም ጥበቃ ነው።

«መጀመሪያ ታሪኩ ይጻፋል፣ ጨዋታው ይከተላል»

ብዙ ሰው ጌም እንደ ፊልም የሚሠራ ይመስለዋል። ደራሲው ይጽፋል፣ ሌሎቹ ያንን ወደ ጨዋታ ይቀይሩታል ብሎ ያስባል። በዜልዳ ቤት ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

በ1998 የወጣውን «ኦካሪና ኦፍ ታይም»ን እንውሰድ። ተከታታዩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሦስት አውታር (3D) የገባበት ጌም ነው። አዘጋጆቹ አንድ ከባድ ችግር ነበረባቸው። በሦስት አውታር ዓለም ውስጥ ሰይፍ ስትሰነዝር ጠላት ትንሽ ወደ ጎን ካለ ትስተዋለህ። ካሜራውም ግራ ይጋባል። መላው የተገኘው ኪዮቶ ውስጥ ካለ የፊልም መዝናኛ ቦታ ነው። እዚያ የኒንጃ ትርኢት ሲያዩ ሁለት ነገር ልብ አሉ። ጀግናውን ብዙዎች ቢከቡትም የሚያጠቁት ተራ በተራ ነው። ሰንሰለት ያለው ማጭድ የያዘው ተዋጊ ደግሞ ከባላጋራው ጋር በሰንሰለቱ እንደታሰረ ዙሪያውን ይሽከረከራል። ዚ የሚለውን ቁልፍ ስትጫን ሊንክን ከአንድ ጠላት ጋር የሚያቆራኘው ዘዴ ከዚህ ተወለደ። ዛሬ ብዙ የሦስት አውታር የውጊያ ጌሞች የሚጠቀሙበት ነገር ነው።

ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ። ከየትኛው ጠላት ጋር እንደተቆራኘህ በምን ታውቃለህ? መጀመሪያ ተራ ሦስት ማዕዘን ምልክት አስቀመጡ። ይህን ሥራ የያዘው ዮሺያኪ ኮይዙሚ ግን አልወደደውም። ምልክቱን ክንፍ ወዳላት የምታበራ ትንሽ የተረት ፍጡር፣ ማለትም ፌሪ፣ ቀየረው። መንገድ ስለምትመራ «ናቪጌሽን» ከሚለው ቃል ናቪ ተባለች። ታሪኩ የመጣው ከዚህ ወዲያ ነው። ናቪ ካለች፣ ሊንክ ባደገበት የጫካ መንደር ያሉት ልጆች ሁሉ የየራሳቸው ፌሪ ይኑራቸው። ሊንክ ብቻ የሌለው ይሁን። አንድ ጠዋት የእሱም ትምጣ። የጌሙ መክፈቻ ይኸው ነው። ተጫዋቹ ከመንደሩ ልጆች ሁሉ የተለየውን ብቸኛ ልጅ ያስታውሳል፤ ሥሩ ግን ዒላማ ማሳያ ምልክት ነበር።

በ2000 የወጣው «ማጆራስ ማስክ» ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጨረቃ በሦስት ቀን ውስጥ ከተማዋ ላይ ልትወድቅ ነው። አንተ ጊዜውን እየመለስክ እነዚያኑ ሦስት ቀናት ደጋግመህ ትኖራለህ። ሐሳቡ መጀመሪያ ላይ ሰባት ቀን ነበር። የከተማውን ሰው የሳምንት ውሎ ማስታወስ ለተጫዋቹ ስለሚከብድ ወደ ሦስት አጠሩት። ይህ የአጨዋወት ውሳኔ ነው። ግን አንጁና ካፌ የሚባሉትን እጮኛሞች ታሪክ የወለደው እሱ ነው። ሁለቱ እንዲገናኙ አንድ ደብዳቤ በትክክለኛው ቀን መድረስ አለበት። አንተም በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቦታ መገኘት አለብህ። መጨረሻ ላይ የሚገናኙት ጨረቃዋ ልትወድቅ ጥቂት ሲቀራት ነው። አንተ ግን ጊዜውን ትመልሳለህ፤ እነሱም ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ይለያያሉ። ይህን ፊልም ሊያሳይህ ይችላል፤ በገዛ እጅህ እንድታፈርሰው ግን አያደርግህም። በእኔ ግምት ተከታታዩ እስከዛሬ ከነገራቸው ታሪኮች የሚበልጠው ይህ ነው።

«ያንኑ ካርታ ደግሞ መሸጥ ስንፍና ነው»

በ2023 «ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ሲወጣ ይህ በየቦታው ተባለ። ካርታው በእርግጥ የ2017ቱ «ብሬስ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ካርታ ነው፤ ሰማይና ከመሬት በታች ያለ ዓለም ተጨምሮበታል። ግን «ማጆራስ ማስክ»ም የተሠራው ከ«ኦካሪና» ዕቃ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ሳይቀሩ ፊታቸው ያው ነው። ለዚህም ነው ከ«ኦካሪና» በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የደረሰው። ዓለሙን ከዜሮ ከመገንባት የዳነው ጉልበት አዲሱ ሐሳብ ላይ ይውላል። በ«ቲርስ» ያ ጉልበት የሄደው ጣውላ፣ ጎማና ማራገቢያ አጣብቀህ የፈለግከውን መኪና ወይም አውሮፕላን እንድትሠራ ነው። ድልድይ መሥራት ስላቃተው መንጠላጠያ የሠራ ተጫዋች ሞልቷል፤ ጌሙም አሜን ብሎ ይቀበለዋል። ይህን ስንፍና ማለት ይከብዳል።

«ደጋፊው የጮኸበት ለውጥ ስህተት ነው»

በ2000 ኒንቴንዶ ለአዲሱ ኮንሶሉ ማሳያ ብሎ የሊንክንና የዋና ጠላቱን የጋኖንዶርፍን ውጊያ አሳየ። እውነተኛ የሚመስል፣ ጨለም ያለ ነበር። ሰው ጓጓ። በዓመቱ የመጣው ግን ትልልቅ ዓይን ያለው የካርቱን ሊንክ ሆነ። ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። ያ ጌም «ዊንድ ዌከር» ነው፤ ዛሬ ከተከታታዩ ውብ ሥራዎች አንዱ ይባላል። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ለጌጥ ብቻ አልነበሩም። ሊንክ አንድ ነገር ላይ ሲያተኩር ተጫዋቹም ወደዚያ ያያል፤ ማዘኑም መደንገጡም ያለ ንግግር ይነበባል። በዚያ ዘመን እውነተኛ ለመምሰል የሞከሩት ብዙ ጌሞች ዛሬ ሲያዩአቸው ፊታቸው እንጨት ነው።

«ሊንክ የማይናገረው ድምፅ መቅዳት ስለከበዳቸው ነው»

«ብሬስ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ላይ ሌሎቹ በድምፅ ይናገራሉ፣ እሱ ዝም ይላል። ስለዚህ ምርጫ ነው። ጌሙ ምክንያቱንም ይነግርሃል። ዜልዳ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ የጻፈችው አለ፤ ብዙ ዓይን ስለሚያየው ጠንካራ መሆን፣ ሸክሙንም በዝምታ መሸከም እንዳለበት ይሰማዋል። የድሮ የአጨዋወት ልማድ እንዲህ የሰው ጠባይ ሆነ።

«ክፍት ዓለሙ ታሪኩን ገደለው»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቅሬታው ግማሽ እውነት አለውና።

ፕሮዲውሰሩ ኤይጂ አኦኑማ በ2013 የተከታታዩን ልማዶች እንደገና እንፈትሻለን ብሎ ነበር። ከጠቀሳቸው አንዱ «ደንጀን» የሚባሉትን በእንቆቅልሽና በጠላት የተሞሉ ቦታዎች በቅደም ተከተል መጨረስ ነው። «ብሬስ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ያንን ቅደም ተከተል አፈረሰው። ከመጀመሪያው አምባ እንደወረድክ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጠላት መሄድ ትችላለህ። እንዲህ ባለ ጌም ታሪክ በምን ይነገራል? ዳይሬክተሩ ሂዴማሮ ፉጂባያሺና ቡድኑ ታሪኩን ወደ ኋላ ወሰዱት። ጥፋቱ የደረሰው ከ100 ዓመት በፊት ነው። ሊንክ ማስታወስ አይችልም። 12 ፎቶዎች ይሰጡሃል፤ ቦታቸውን ስታገኝ ትዝታው ይመለሳል። ያለፈ ነገር በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢታወስ አይፈርስም። የሰው ትዝታም በሰልፍ አይመጣም። ስለዚህ እዚህ ታሪኩ አልሞተም፤ ከነፃነቱ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ተሠራ።

«ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም» ላይ ግን ነገሩ ተንገዳገደ። በዚህኛው ታሪኩ አሁን የሚከናወን ፍለጋ ነው፤ ዜልዳ ጠፍታለች። መሬት ላይ ከተሣሉት ትልልቅ ሥዕሎች ትዕይንቶቹን በፈለግከው ተራ ማየት ትችላለህ። ምስጢሩን ላልተጫወቱት አልናገርም። ግን ቀድመህ ካየህ ዜልዳ የት እንዳለች ታውቃለህ። ከዚያ በኋላም ሊንክ ከጓደኞቹ ጋር «ዜልዳ የት ናት?» እያለ ይዞራል። ያወቀውን ለአንድም ሰው አይነግርም! አራቱን ቤተ መቅደሶች ስትጨርስ ደግሞ አራት የጥንት ጠቢባን አንድ ዓይነት ታሪክ ይነግሩሃል። የትኛውን ቀድመህ እንደምትጨርስ ጌሙ ስለማያውቅ ለሁሉም ያንኑ ትዕይንት አዘጋጁ። እኔ ሦስተኛው ላይ ቁልፉን እየጠቀጠቅኩ አለፍኩት።

ጥፋቱ የክፍት ዓለም ነው ማለት ግን አይቻልም። ያው ነፃነት በ«ብሬስ» ሠርቷል። «ቲርስ» ቅደም ተከተል የሚፈልግ ታሪክ መርጦ ቅደም ተከተሉን ለተጫዋቹ ተወው። ደግሞ ክፍት ዓለም ለዜልዳ እንግዳ አይደለም። የተከታታዩ ፈጣሪ ሺጌሩ ሚያሞቶ በልጅነቱ ኪዮቶ አጠገብ ጫካና ዋሻ ሲያስስ ያደረበትን ስሜት ይዞ የመጀመሪያውን ጌም ከታካሺ ቴዙካ ጋር ሲሠራ፣ ተጫዋቹ ወደ የት እንደሚሄድ የሚነግረው አልነበረም። የ2017ቱን ሲያዘጋጁም የመጀመሪያውን በሚመስል በሁለት አውታር በተሠራ ሙከራ ነው ሐሳባቸውን የፈተኑት።

«ሁሉንም ካልተጫወትኩ አይገባኝም»

በ2011፣ በ25ኛው ዓመት፣ ኒንቴንዶ የዘመን ቅደም ተከተሉን በመጽሐፍ አወጣ። ከ«ኦካሪና» በኋላ ታሪኩ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሊንክ የተሸነፈበት ነው። ደጋፊው ሲከራከርበት ይውላል፣ ደስም ይላል። ለመጫወት ግን አያስፈልግህም። ሊንክ በአብዛኛው በየጌሙ ሌላ ልጅ ነው፣ ዜልዳም ሌላ ልዕልት ናት። እዚህ ካነሳናቸው ጌሞች ልብ ማለት ያለብህ ሁለት ቦታ ነው፤ «ማጆራስ»ን ከ«ኦካሪና» በኋላ፣ «ቲርስ»ን ከ«ብሬስ» በኋላ ተጫወት። ሌላውን ያገኘኸውን አንስተህ ጀምር።