ጉበት ሳይወጋ፦ የጉበት ስብ ምርመራ ከከተማ ዳር ሲታይ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ብዙ ሰው ቤት ቁም ሳጥን ላይ አንድ ፌስታል አይጠፋም። የላብራቶሪ ወረቀት፣ የአልትራሳውንድ ውጤት፣ የተጣጠፈ የቀጠሮ ካርድ ታጭቆበታል። ስለ ጉበት ስብ ምርመራ ሲነሳ የሁሉም ሐሳብ የሚሄደው ወደ ትልቅ ማሽን ነው። እኔ ከፌስታሉ ብጀምር ይሻለኛል፤ ለመጀመሪያው ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ነው።

የጉበት ስብ የሚባለው ከጉበት ሕዋሳት ውስጥ ከ5 በመቶ የሚበልጡት ስብ ሲቋጥሩ ነው። በዓለም ላይ ከ10 አዋቂ 3ቱ ገደማ አለበት ተብሎ ይገመታል። ድሮ «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ» እየተባለ ይጠራ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው ስሙን ቀየሩት፤ አሁን ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከቦርጭና ከደም ቅባት ጋር ተያይዞ ነው የሚጠራው። እና እውነትም ነገሩ የሚመጣው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። «እኔ ጮማ አልወድ፣ ጾም አልሽር፣ ስቡ ከየት መጣ?» ይላሉ። ጉበት ስብን ራሱ ይሠራል። ከስኳርና ከዱቄት ይሠራል። በጾም ቁርስ በቦምቦሊኖ፣ ምሳ በፓስታ፣ መክሰስ በለስላሳ ያሳለፈ ሰው ቅቤ ባይቀምስም ጉበቱ ጥሬ ዕቃ አላጣም።

በሽታው ደግሞ ድምፅ የለውም። ዓይን ቢጫ እስኪሆን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው፤ የወፍ በሽታ ካልያዘኝ ጉበቴ ደህና ነው ብሎ። ስብ ብቻውን ግን ዓይን ቢጫ አያደርግም። ዓይን ቢጫ ሲሆን ወይም ሆድ ውኃ ሲቋጥር ብዙ ጊዜ ነገሩ ርቆ ሄዷል። ስለዚህ ስኳር ያለበት፣ ግፊት ያለበት፣ ሱሪው ከእምብርቱ በታች የወረደበት ሰው ሳያመው ነው መመርመር ያለበት።

አብዛኛው ሰው ወሬውን መጀመሪያ የሚሰማው ከአልትራሳውንድ ነው። ለሐሞት ጠጠር ወይም ለጨጓራ ብሎ ከአያት እስከ ቃሊቲ ካሉት መካከለኛ ክሊኒኮች አንዱ ጋ ይገባል፣ ወረቀቱ ላይ «ፋቲ ሊቨር ግሬድ 1» ተጽፎ ይወጣል። ባለሙያው የሚያየው ድምቀትን ነው፤ ስብ ያለበት ጉበት አጠገቡ ካለው ኩላሊት ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ጨረር የለውም። ድክመቱ፣ ስቡ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን በቀላሉ ያልፈዋል፣ ውጤቱም በሚያየው ሰው ዓይን ይወሰናል። እኔ ራሴ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቦታ ታይቼ አንዱ ጋ ግሬድ 2፣ ሌላው ጋ «ጤነኛ ጉበት» ተብያለሁ። ኪሎዬ ግራም አልቀነሰም ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ግሬዱ የሚናገረው ስለ ስቡ ብዛት ብቻ ነው። ሐኪም አጥብቆ ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ጠባሳ ጀምሯል ወይ? ስቡ ለዓመታት ሲቆይ በአንዳንዱ ሰው ጉበቱን ያስቆጣዋል፣ ቁጣው ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ሲበረታ ሲሮሲስ ይሆናል። ግሬድ 3 ስብ ኖሮት ጠባሳ የሌለው ሰው አለ። ስቡ ትንሽ ሆኖ ጠባሳው የገፋም አለ። ይህን ልዩነት ሳያስረዱ «ግሬድ 2» ብሎ ሰውን ወደ ቤት መላክ ማስደንገጥ ነው እንጂ ምርመራ አይባልም።

ጠባሳን ለመገመት የመጀመሪያው መሣሪያ ካልኩሌተር ነው። ፊብ-4 ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ሲ አብረው ላሉባቸው ሰዎች ታስቦ ነበር፤ ኋላ ለጉበት ስብም አገለገለ። የሚፈልገው አራት ነገር ነው። ዕድሜ፣ ኤስጂኦቲ፣ ኤስጂፒቲ እና ፕላትሌት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢንዛይሞች የጉበት ምርመራ ወረቀት ላይ አሉ (አንዳንድ ላብራቶሪ ኤኤስቲ እና ኤኤልቲ ብሎ ይጽፋቸዋል፣ ያው ናቸው)፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ደግሞ ሲቢሲ በሚባለው የደም ቆጠራ ወረቀት ላይ አለ። ዕድሜን በኤስጂኦቲ ታባዛለህ። ከዚያ ፕላትሌትን በኤስጂፒቲ ስኩዌር ሩት ታባዛና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ታካፍላለህ።

ለምሳሌ የ54 ዓመት ሴት እንበል። ኤስጂኦቲ 40፣ ኤስጂፒቲ 49፣ ፕላትሌት 180 ሺህ። 54 በ40 ሲባዛ 2160። የ49 ስኩዌር ሩት 7 ነው፣ ፕላትሌቱ ሺሁ ተትቶ 180 ብቻ ይወሰዳል፤ 180 በ7 ሲባዛ 1260። ሲካፈል 1.71 ገደማ ይመጣል። ከ1.3 በታች ቢሆን የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ2.67 በላይ ቢሆን ጉዳዩ የስፔሻሊስት ነው። የእኚህ እናት መሐል ላይ ስለወደቀ ሁለተኛ ምርመራ ይፈልጋል። እዩት እንግዲህ፣ ሁለቱ ኢንዛይሞች በብዙ ላብራቶሪ መመዘኛ «ኖርማል» ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። ኢንዛይሙ ኖርማል ነው ተብሎ ፌስታል ውስጥ የገባ ወረቀት ሁሉ ነገሩን አይዘጋውም።

ሒሳቡ ግን ጅል ሒሳብ ነው፤ የሰጡትን ይወስዳል። ከ35 ዓመት በታች አይታመንም። ከ65 በላይ ዕድሜው ራሱ ቁጥሩን ስለሚገፋው የ1.3ቱ መነሻ ወደ 2.0 ከፍ ይላል። ኤስጂኦቲ ከጡንቻም ይወጣል፤ ኮዬ ፈቼ ግንባታ ላይ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲሸከም ውሎ በማግስቱ ደም የሰጠ ሰው ቁጥሩ በከንቱ ሊያስደነግጠው ይችላል። ፕላትሌትም በወባ ይወርዳል። ኤስጂኦቲው የኤስጂፒቲው እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ አረቄና ስለ ጠጅ ነው፤ እውነቱን መንገር ነው። ከሁሉ በፊት ግን በእኛ አገር የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይቀድማል። ቫይረሱ ብዙ ሰው ላይ ስላለ ስብ ታየ ተብሎ እሱን መርሳት ትልቅ ስህተት ነው፤ ሁለቱ አንድ ጉበት ላይ አብረው መኖር ይችላሉ።

ሁለተኛው ደረጃ ፋይብሮስካን ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ የፈረንሳዮች ሥራ ነው። በጀርባህ ትተኛለህ፣ ቀኝ እጅህን ከራስህ በላይ ታደርጋለህ፣ የመሣሪያው ጫፍ የጎድን አጥንቶችህ መሐል ሆኖ በጣት እንደሚኮረኩም መታ መታ ያደርጋል። ንዝረቱ ጉበት ውስጥ በምን ፍጥነት እንዳለፈ ይለካል። በደነደነ ነገር ውስጥ ንዝረት ይፈጥናል፣ በለስላሳው ይዘገያል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቢያንስ 10 ልክ ተወስዶ መሐለኛው በኪሎፓስካል (በድንዳኔ መለኪያ) ይጻፋል። ከ8 በታች ከሆነ እፎይ ያሰኛል፣ ከ12 በላይ ከሆነ ጠባሳው ገፍቷል የሚል ጥርጣሬ ያጠነክራል። በዚያው አጋጣሚ የስቡንም መጠን ይለካል። አዲስ አበባ ውስጥ ማሽኑ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም አገልግሏል። እዚህ ዳር ላይ ግን ጤና ጣቢያው ልኮህ፣ ታክሲ ቀያይረህ መሐል ከተማ መግባት ነው።

ከመሄድህ በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት ምግብ አትብላ። ከምግብ በኋላ ወደ ጉበት የሚገባው ደም ስለሚጨምር ጉበቱ ከሆነው በላይ ደንድኖ ይለካል። የልብ ድካምም፣ ጉበቱ በተቆጣበት ሰሞን መለካትም እንዲሁ ያሳስታል። ወፈር ላለ ሰው ለብቻው የተሠራ የመሣሪያ ጫፍ አለ፤ ጠይቅ፣ ማፈር አያስፈልግም።

ኤምአርአይ ስቡን ከሁሉም በተሻለ ይለካል፣ ለተራ ምርመራ ግን ዋጋው አይቀመስም። ባዮፕሲም (ከጉበቱ ቁራጭ ወስዶ ማየት) ጨርሶ አልቀረም፤ ምርመራዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ወይም ሌላ የጉበት በሽታ ሲጠረጠር ይሠራል። በመርፌ የሚወጣው ቁራጭ ግን የጉበቱ 1/50,000ኛ ገደማ ስለሆነ እሱም የሚያልፈው ነገር አለ፣ አልፎ አልፎም ያደማል። ሰው ሁሉ በሱ ይመርመር የማይባለው ለዚህ ነው።

ጠባሳ የሌለበት ሰው የሚታዘዝለት ያው የታወቀው ነው። ከኪሎ 5 በመቶ መቀነስ ስቡን ያቀለዋል፣ 10 በመቶ የደረሰ ሰው ጠባሳውም ሊሻሻልለት ይችላል። 80 ኪሎ ለሆነ ሰው 8 ኪሎ ማለት ነው። የጉበት ማጽጃ ተብሎ የሚሸጥ ቅጠል ግን ይቅርብህ፤ ጉበትን የሚጎዱ ቅጠላ ቅጠሎች አሉ፣ ሻጩ ደግሞ ፊብ-4 አያሰላልህም።

ስኳር ያለበት ሰው ፊብ-4ን በየ1 ወይም 2 ዓመቱ ያሰላዋል፣ ሌላው በየ2 ወይም 3 ዓመቱ። ስለዚህ ፌስታሉን አትጣል። ያ የሚያብረቀርቀው የአልትራሳውንድ ፎቶ ግን ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤ መስኮት ዳር ካስቀመጥከው ከርሞ ምንም አይታይበትም። በስልክ አንሣው፣ ቀኑ የተጻፈበት ጥግ እንዳይቆረጥ።