የሰብል ጂን ልወጣና ምርመራው፦ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ገዘፍ ያለ የበቆሎ እሸት ሲታይ «ይሄ ጂኤምኦ (ጂኑ የተለወጠ ሰብል) ነው» የሚል አይጠፋም። እሸቱ ግን ከመራዊ አካባቢ የመጣ ቢኤች 540 የተባለ የበቆሎ ዝርያ ሊሆን ይችላል። እሱ ዲቃላ ነው፤ በቆሎ ከበቆሎ ጋር በአበባ ብናኝ ተዳቅሎ የተገኘ። ልውጥ ሰብል ሌላ ነው። የተመረጠ ጂን፣ ብዙ ጊዜ ከሌላ ሕያው ተወስዶ፣ በላቦራቶሪ ይገባበታል። ይህን በዓይን መለየት አይቻልም።

የልወጣውን ዘዴ ሰው ከአፈር ነው የተማረው። አግሮባክቴሪየም የሚባል የአፈር ባክቴሪያ በተክሉ ቁስል ገብቶ የራሱን የዲኤንኤ ቁራጭ ይሰካል። ለምሳሌ የጽጌረዳ ግንድ ከሥሩ በላይ እንደ ዕጢ ያብጣል። ተመራማሪዎች ዕጢ አምጪዎቹን ጂኖች አውጥተው የፈለጉትን ተኩበት። እ.ኤ.አ. በ1983 በዚህ መንገድ የተለወጠ ትምባሆ ይፋ ሆነ። ስኳር ድንች ደግሞ ሰው ሳይነካው ከጥንት ጀምሮ የዚህን ባክቴሪያ ጂን ይዟል፤ ይህን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ሌላው መንገድ ዲኤንኤ የተቀባ ደቃቅ ወርቅ ወደ ሴሎች መተኮስ ነው።

ጂኑን የሚቀበሉት ጥቂት ሴሎች ናቸው። እነሱ ተመርጠው በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም በላቦራቶሪ ምግብ ላይ በማሳደግ፣ ችግኝ ይሆናሉ። ቲሹ ካልቸር በራሱ ግን ልወጣ አይደለም፤ ጤነኛ የሙዝ ችግኝም የሚባዛው በዚሁ ነው።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 655/2001 መሠረት ልውጥ ሕያው ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይዘራም። እ.ኤ.አ. በ2018 ጓይ ትልን የሚቋቋመው ቢቲ ጥጥ የተባለው ልውጥ ጥጥ ፈቃድ አግኝቷል። ባሕር ዳር የክልሉ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት መቀመጫ ናት። ዩኒቨርሲቲዋም የባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው።

ፈጣኑ ምርመራ የጣና ዳር ሰው ከሚያውቀው የወባ ምርመራ ጋር ይመሳሰላል። ቁራጭ ቅጠል በትንሽ ቱቦ ይደቆሳል፣ ፈሳሽ ይጨመርበታል፣ ስትሪፕ የሚባል ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት ይነከራል። በደቂቃዎች ውስጥ አንድ መስመር ከወጣ የገባው ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን የለም፣ ሁለት ከወጣ አለ። ምንም ካልወጣ ስትሪፑ ተበላሽቷል።

ፒሲአር የተባለው የዲኤንኤ ማባዣ ምርመራ ደግሞ ጂኑን ራሱን ይፈልጋል። ከቅጠሉ የወጣው ዲኤንኤ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የተፈለገው ቁራጭ በየዙሩ እጥፍ ይሆናል፤ በ30 ዙር ከአንድ ቁራጭ ከቢሊዮን በላይ ቅጂ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ ጄል በሚባል ዝልግልግ ንጣፍ ላይ እንደ ደማቅ መስመር ይታያል። ጎን ለጎን ንጹሕ ውሃም ይመረመራል። ውሃው መስመር ካሳየ ብክለት አለና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ሌላም መጠንቀቂያ አለ። ብዙ ልውጥ ሰብሎች ውስጥ ያለው 35ኤስ የተባለው የዲኤንኤ ክፍል የተወሰደው ከአበባ ጎመን ቫይረስ ነው። በዚህ ቫይረስ የታመመ ጎመን ሳይለወጥ «ተለውጧል» ሊባል ይችላል።

የተጣራ ዘይት ላይ ዲኤንኤው ስለሚጠፋ ምርመራው ይከብዳል። ዘር ላይ ግን ይቀላል፤ ስለዚህ ጥረቱ ሁሉ ከመዘራቱ በፊት ቢሆን እመርጣለሁ። ከሺህ ፍሬ አንዱ ልውጥ ቢሆን፣ እሱን በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለማግኘት ወደ 3000 ፍሬ መመርመር አለበት። ፍሬው ከጆንያው አናት ብቻ አይዘገንም። ከመሃሉም ከታቹም ይወሰድና ተደባልቆ አብሮ ይፈጫል።