ዴዘርት ሳፋሪ፦ የዱባይ የበረሃ ምሽት ከምን ከምን ተሠራ

ዱባይ ደርሶ ለመጣ ሰው ሁለት ጥያቄ አይቀርለትም። ቡርጅ ኸሊፋ ወጣህ? ዴዘርት ሳፋሪስ ሄድክ? የመጀመሪያው ሕንፃ ነው፤ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለተኛው ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንደ አዲስ የሚዘጋጅ ድግስ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ መኪና ሆቴል ድረስ መጥቶ ይወስዳችኋል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ተነድቶ አሸዋው ጋ ይደረሳል። መኪናው የአሸዋ ኮረብታ ይወጣል፣ ይወርዳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ቆም ተብሎ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ካምፕ ነው። ግመል አለ፣ ቡና አለ፣ እራት አለ፣ ጭፈራ አለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መመለስ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ። የዱባይ ሹፌር "9 ሰዓት" ካላችሁ ማታ ነው።

ስሙ ራሱ ዞሮ ዞሮ የመጣ ነው። ዐረብኛው "ሰፈር" ሲል ጉዞ ማለቱ ነው። ስዋሂሊ ቃሉን ወስዶ "ሳፋሪ" አለው። ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን የመጡ እንግሊዞች ከስዋሂሊ ተቀበሉትና ለዓለም አዳረሱት። አሁን ደግሞ ተመልሶ ዐረብ አገር የቱሪስት ዕቃ ሆኗል። ለእኛ ጆሮ "ሰፈር" ሲባል የሚመጣው የሰፈሩበት ቦታ ነው። ምሽቱ ሁለቱንም ነው፤ ግማሹ ጉዞ፣ ግማሹ ሰፈራ።

ከቃሉ በላይ ደግሞ ምሽቱ ራሱ ከየአገሩ የተለቃቀመ ነው። የቱ የበረሃው ልጅ እንደሆነ፣ የቱ እንግዳ እንደሆነ ለይቶ ማየት ደስ ይላል። ቢያንስ እኔን ደስ ይለኛል።

አሸዋው

አሸዋው ያለ ጥርጥር የአገሩ ነው። ከዱባይ ወደ ሃታ በሚወስደው መንገድ ላህባብ የሚባል አካባቢ አለ። ብዙዎቹ መኪኖች የሚሄዱት ወደዚያ ነው። የላህባብ አሸዋ ቀይ ነው። በቅንጣቶቹ ላይ ያለው ብረት ከአየሩ ጋር ተዋህዶ ዝጓል፤ ቀለሙ ከዚያ ይመጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የበርበሬ ስጥ ይመስላል። በዚያው መንገድ ላይ "ቢግ ሬድ" የሚሉት ትልቅ የአሸዋ ኮረብታ አለ፤ ቁመቱ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል።

ሌላው መዳረሻ የዱባይ በረሃ ጥብቅ ስፍራ ነው። 225 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ከዱባይ ግዛት 5 በመቶ ያህሉ እሱ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቋመ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እዚህ መግባት የሚፈቀደው ለጥቂት ድርጅቶች ብቻ ነው። መኪናም እንደ ልቡ አይፈነጭም። ለዚህም ነው ዋጋው ወደድ የሚለው።

የሚጠበቀው ዋናው እንስሳ የዐረቢያ ሳላ ነው። የአዋሽ ፓርኩን ሳላ የሚያውቅ ሰው ዘመዱን አይስተውም፤ ይኸኛው አነስ ያለና ነጭ ነው። በ1972 ከዱር ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። በየመካነ አራዊቱ የቀሩትን አራብቶ ወደ በረሃ በመመለስ ነው የተረፈው። በ2011 ደግሞ "ለመጥፋት ከተቃረቡት" ዝርዝር ወጥቶ ሻል ወዳለው ደረጃ ተዛወረ። አመሻሽ ላይ መንጋው በመስኮት ሲታይ ጭፈራውን የሚያስረሳ ነገር ነው።

እዚህም እዚያም የቆመችው ዛፍ ጋፍ ትባላለች፤ የኤምሬትስ ብሔራዊ ዛፍ ናት። አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመዷ ነው። እዚያ በክብር ትጠበቃለች፣ እዚህ ዘመዷ በዶዘር ይነቀላል።

መኪናው

አሸዋ ላይ የመንዳቱ ጨዋታ "ዱን ባሺንግ" ይባላል። መጀመሪያ ሁሉም መኪኖች መንገድ ዳር ይሰለፋሉ። ሹፌሮቹ ጎማ ያስተነፍሳሉ። አስፋልት ላይ 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ ነው) ገደማ የነበረውን ወደ ግማሽ ያወርዱታል። ጎማው ሲላላ ሆዱ ይሰፋል፣ መሬቱን የሚነካው ክፍል ይበዛል፣ ክብደቱም ይከፋፈላል። ስለዚህ አሸዋውን አይቆፍርም፣ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ግመል መዳፉ ሰፊና ለስላሳ የሆነው ለዚሁ ነው። ቶዮታ በጎማ የሚያደርገውን እሷ ከጥንት ጀምሮ በእግሯ ታደርገዋለች።

ከዚያ ይጀመራል። ሽቅብ ሲወጣ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ለአፍታ ቀጥ ይላል። ከዚያ በጎኑ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ አሸዋው መስኮቱን እንደ ጎርፍ ይመታዋል። መኪኖቹ በሰልፍ ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ቢቀረቀር ሌላው ይጎትተዋል። ቢገለበጡ ጣሪያው እንዳይጨፈለቅ ውስጣቸው የብረት ድጋፍ የተገጠመላቸው ናቸው። ሹፌሩም ለዚህ ሥራ የተለየ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ነፍሰ ጡር፣ የወገብ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ይህኛው ይቅርበት። መኪና የሚያመው ሰው ደግሞ ምሳውን ቀለል አድርጎ ፌስታል በኪሱ ይያዝ። ቀልድ አይደለም። አስቀድሞ ከተነገረው ሹፌሩ ረጋ ብሎ ይነዳል፣ ወይም በደህናው መንገድ በቀጥታ ካምፕ ያደርሳል። አፍሮ ዝም ማለት ነው የሚጎዳው።

ይህ ጨዋታ ለቱሪስት ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። የአገሩ ወጣቶች ዛሬም በዕረፍት ቀናቸው ላንድክሩዘርና ፓትሮል ይዘው አሸዋ ላይ ይፎካከራሉ። ስለዚህ መኪናው ከጃፓን ቢመጣም አነዳዱ የአገሩ ሆኗል።

ግመሏ

በብዙ ካምፖች ግመል መጋለብ የሚባለው አምስት ደቂቃ ነው። ግመሎቹ በገመድ ተያይዘዋል፣ ሳቢው ከፊት ይመራል፣ አንድ ዙር ዞሮ መውረድ ነው። "ግመል ጋለብኩ" ብሎ ለማውራት ይበቃል፣ ለመጋለብ ግን አይበቃም። ከልቡ የፈለገ ሰው በግመል ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዞ ካምፕ የሚደርስበትን ጉዞ ነጥሎ ይጠይቅ፤ እሱም አለ።

አደጋው ያለው መነሻው ላይ ነው። ግመል ስትነሳ የኋላ እግሯን ታስቀድማለች። ጋላቢው ወደፊት ይደፋል። ከዚያ የፊቱ ይከተላል፣ ወደ ኋላ ይጣላል። ስትንበረከክ ደግሞ የፊት ጉልበቷ ይቀድማል። ስለዚህ ስትነሳም ስትንበረከክም መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ እጀታውን አጥብቆ መያዝ ነው። ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጹ በኋላ ይደርሳል።

የዐረቢያ ግመል እንደ እኛዋ ባለ አንድ ሻኛ ናት። ሻኛዋ ውኃ አይደለም፣ ስብ ነው። ውኃውን የምትቆጥበው በሌላ መንገድ ነው። የሰውነት ሙቀቷ በሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ሊወርድ፣ ቀን ወደ 41 ሊወጣ ይችላል፤ ያን ያህል እስኪደርስ ላብ አታባክንም። ውኃ ስታገኝ ግን በአሥራ አምስት ደቂቃ 100 ሊትር ታነሳለች። አፍንጫዋን ትዘጋለች፣ የዓይኗ ሽፋሽፍት ድርብ ነው። የአሸዋ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የቱሪስቱን መነጽር አትመኝም።

ለበደዊኑ፣ ለበረሃው ዘላን፣ ግመል ወተትም፣ ጭነትም፣ ጥሎሽም ነበረች። ያንን ኑሮ ካዩት የመጨረሻዎቹ የውጭ ሰዎች አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን ተጋባዥ ነበር። በ1933 እና 34 አዋሽ ወንዝን ተከትሎ አፋርን አቋረጠ። ከ1946 እስከ 1948 ባለው ጊዜ ደግሞ ሩብ አል ኻሊን፣ ያን ባዶ በረሃ፣ ከበደዊኖች ጋር በግመል ሁለት ጊዜ ተሻገረ። እነሱም "ሙባረክ ቢን ለንደን" አሉት። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በ1966፣ ዱባይ ነዳጅ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ግመሏ ከመጓጓዣነት ወጥታ ወደ እሽቅድምድምና ወደ ቱሪስት ሄደች። እሽቅድምድሙም ተለውጧል። ድሮ ትናንሽ ልጆች ነበሩ የሚጋልቡት፣ ብዙዎቹም ከድሃ አገር የመጡ። በ2005 ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑት ታገዱ። ዛሬ ግመሏ ጀርባ ላይ ያለው ትንሽ ሮቦት ነው፤ ባለቤቱ በመኪና እየተከተለ በሪሞት ያስገርፋል።

ካምፑ

ካምፑ ምንጣፍ፣ ትራስና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ነው። ዙሪያውን ድንኳን መሰል ዳሶች፣ መሐሉ መድረክ። "የበደዊን መንደር" ይሉታል። ጄኔሬተሩ ግን ከአሸዋው ጀርባ ተደብቆ ያጓራል። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ እንደሚባለው ነው።

ሲገባ ተምርና ጋህዋ ይቀርባል። ጋህዋ የዐረብ ቡና ነው፤ ለጋ ቆሎ ይመስል ትንሽ ብቻ የተቆላ፣ ሄል የበዛበት፣ መልኩ ቢጫ። ቡናው በየመን በኩል ወደ ዐረቢያ የተሻገረው ከእኛ ነው። እነሱ እጀታ የሌላትን ስኒ ፊንጃን ይሏታል፣ እኛም ዘንድ ፍንጃል የሚል አለ። የሚቀዳው ጥቂት ነው፤ ስኒ ሙሉ መቅዳት እንደ "ጠጥተህ ሂድ" ይቆጠራል። በቃኝ ለማለት ስኒዋን ግራና ቀኝ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ዝም ብሎ የሰጠ ሰው ይደገምለታል፣ ይሠለስለታል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለለመደ ችግር የለውም። ዩኔስኮ ይህን የቡና ሥርዓት በ2015 በኤምሬትስ፣ በሳዑዲ፣ በኦማንና በኳታር ስም መዝግቦታል። በእኔ ሚዛን ከምሽቱ ሁሉ እውነተኛው ይኸው ነው። ብዙ ሰው ግን ወደ ቡፌው ሲቸኩል ያልፈዋል።

ሂና እጅ ላይ የምትቀባ ሴት አለች። ጭልፊት ክንድ ላይ አስቀምጦ ፎቶ የሚያነሳም አለ፤ ይኼኛው ብዙ ጊዜ ለብቻው ያስከፍላል። ባለ አራት ጎማ ሞተርም እንደዚያው። "ሁሉም በዋጋው ውስጥ ነው" የተባለ ሰው ከመክፈሉ በፊት አንድ በአንድ ይጠይቅ።

እራቱ ቡፌ ነው። የተጠበሰ ዶሮ፣ የበግ ከባብ፣ ሁሙስ፣ ታቡሌ፣ ሩዝ፣ ምስር። አትክልት ብቻ ለሚበላም አይጠፋም፤ ብዙ ሕንዳውያን ስለሚመጡ ካምፖቹ ተለማምደውታል። ጿሚ ሐበሻም በዚሁ ይጠቀማል። ብዙው ምግብ የሊባኖስና የሕንድ ነው። የአገሩ የሆነው ማችቡስ፣ ቅመምና የደረቀ ሎሚ የገባበት ሩዝ በሥጋ፣ በርካሾቹ ካምፖች እምብዛም አይገኝም። ሉቀይማት ካለ ግን አይለፋችሁ። የቦምቦሊኖ ታናሽ እህት ናት፣ የተምር ሽሮፕ የፈሰሰባት።

ጭፈራው

መድረኩ ላይ በብዛት የሚወጡት ሦስት ናቸው። ታኑራ፣ ማለትም በመብራት ያጌጠ ሰፊ ቀሚስ ለብሶ ያለ ማቋረጥ የሚሽከረከረው ሰው። የሆድ ጭፈራ። የእሳት ትርኢት። ታኑራ ከሱፊዎች ዙረት የወጣ የግብፅ ጭፈራ ነው። የሆድ ጭፈራም ዝናውን ያገኘው በካይሮ ነው። ሁለቱም የኤምሬትስ አይደሉም።

የአገሩ የሆነው ሌላ ነው። አያላ አለ፤ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በሁለት ረድፍ ይቆማሉ፣ ቀጭን የቀርከሃ በትር ይዘው ከከበሮው ጋር ይወዛወዛሉ። የጦርነት ምስል ነው፤ በ2014 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ከእሱ በፊት በ2012 ተግሩዳ ተመዝግቧል። ተግሩዳ የግመል ላይ ግጥም ነው። ከሰባት ስንኝ አይበልጥም። አንዱ ወገን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ መንገዱም ያጥራል። የበረሃ መዝናኛ ከተባለ እሱ ነበር። ግን መብራት ያለው ቀሚስ የለውም፤ ቋንቋ የማያውቅ እንግዳንም አያስጨበጭብም።

በዚህ ለመፍረድ ግን እንቸገራለን። አዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት ገብቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎንደርን፣ ጉራጌን፣ ወላይታንና ትግራይን በአንድ መድረክ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቢያንስ የእኛዎቹ የአገሩ ናቸው እንበል።

በረመዳን በብዙ ካምፖች ሙዚቃውና ጭፈራው ይቀራል። በረሃው፣ ግመሏና እራቱ ይኖራሉ። ዝምታ ለሚወድ ሰው እንዲያውም የተሻለው ወቅት ይኸው ነው።

መቼ፣ እንዴት

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። በብርዱ ወራት ደግሞ ማታ ነፋሱ ስለሚበርድ ነጠላ ወይም ሹራብ አይረሳ። ሰንደል ጫማ ከሁሉ ይሻላል፤ አሸዋው የማይገባበት ጫማ የለም።

ዕቃ ሊጭን በዱባዩ የገበያ ሰፈር በዴይራ የከረመ ነጋዴ፣ ለአንድ ቀን ትራንዚት ያደረገ መንገደኛ፣ የዕረፍት ቀኗን ከጓደኞቿ ጋር የምታሳልፍ እህት፣ ሁሉም ይሄዳሉ። ርካሹ ጉዞ ስድስት ሰው በአንድ መኪና አጭቆ መቶዎች የሚታደሙበት ካምፕ ይወስዳል። ውዱ ትንሽ ካምፕ፣ ጥቂት ሰው፣ ብዙ ዝምታ ነው። ልዩነቱ ግመሏ ላይ አይደለም፤ ግመሏ ሁለቱም ጋ ያቺው ናት።

በአንዳንድ ካምፖች ከመመለሱ በፊት መብራቱን ለጥቂት ደቂቃ ያጠፉታል፣ ኮከብ እንዲታይ። ያን ጊዜ ሁሉም ቀና ይላል፣ ወሬው ይቆማል። ከዚያ የሆነ ሰው የስልኩን መብራት ያበራል፣ ጫማውን ሊፈልግ።