የግዙፍ ጋላክሲዎች እምብርትና ጥቁር ጉድጓዶቻቸው ከደሴ ሰማይ ሥር

የጋላክሲ እምብርት ከዋክብት ታጭቀው የሚኖሩበት የጋላክሲው መሃል ነው። በግዙፎቹ ጋላክሲዎች እምብርት ውስጥ ከፀሐይ በሚሊዮን ወይም በቢሊዮን እጥፍ የሚከብድ፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ፣ በተለምዶ ብላክ ሆል የምንለው፣ ይገኛል።

ደሴ ራሷ የሰማይ ምልክት የወለዳት ከተማ ናት፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1882 እ.ኤ.አ. እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው እንደቆረቆሯት ይነገራል። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝም ኤም 87 የተባለው ግዙፍ ጋላክሲ በአናቷ ላይ ያልፋል። ይህን ዕድል ብዙዎቹ የሰሜን አገር ኦብዘርቫቶሪዎች አላገኙትም። ሚያዝያ ሲያልቅ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ኤም 87 ያለበት የከዋክብት ስብስብ፣ ሰንቡላ፣ ከራስ በላይ ትሆናለች። ከፒያሳ መብራት ራቅ ብሎ በትንሽ ቴሌስኮፕ የተመለከተ ሰው ደብዘዝ ያለች ክብ ጭጋግ ያያል፤ ኤም 87 እሷ ናት። ሌሊቱ ሲገፋ ወደ ጦሳ ተራራ ታዘነብላለች። ያቺ ጭጋግ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች፤ አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው።

ፈረንሳዊው ቻርልስ ሜሲዬ በ1781 እ.ኤ.አ. መዘገባት። በ1918 እ.ኤ.አ. ሂበር ከርቲስ ከመሃሏ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ጨረር አየ፤ ርዝመቱ 5,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። በ2009 ዓ.ም. በተለያዩ የዓለም ክፍሎች ያሉ 7 የሬዲዮ ቴሌስኮፖች በአንድ ጊዜ ወደ እምብርቷ አነጣጠሩ። ውጤቱ ሚያዝያ 2 ቀን 2011 ዓ.ም. ይፋ ሆነ፦ መሃሉ የጨለመ፣ ግርጌው ይበልጥ የደመቀ የብርሃን ቀለበት። ከምድር ሲታይ ቀለበቱ ጨረቃ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ያህል ነው። የጥቁር ጉድጓዱ ክብደት 6.5 ቢሊዮን ፀሐዮችን ያክላል።

ወደ መሃል በተጠጋን ቁጥር ከዋክብት ይበዛሉ ተብሎ ቢጠበቅም፣ የትልልቆቹ ጋላክሲዎች መሃል ሳስቶ ይገኛል። ሁለት ጋላክሲዎች ሲዋሃዱ ጥቁር ጉድጓዶቻቸው እርስ በርስ እየተሽከረከሩ በአጠገባቸው ያሉትን ከዋክብት ወደ ውጭ ሳይወረውሩ አልቀሩም። ኤቤል 2261 በተባለው የጋላክሲዎች ስብስብ መሃል ያለው ጋላክሲ ግን ያስቸግራል፤ የሳሳው እምብርቱ 10,000 የብርሃን ዓመት ያህል ቢሰፋም፣ ጥቁር ጉድጓዱ ተፈልጎ አልተገኘም።

ክዌዛር የሚባሉት እጅግ ደማቅ እምብርቶች ምን ያህል ሩቅ እንደሆኑ ማርተን ሽሚት በ1963 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

የራሳችን ፍኖተ ሐሊብ ጥቁር ጉድጓድ በቀውስ አቅጣጫ 27,000 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ክብደቱ 4 ሚሊዮን ፀሐዮች ገደማ ነው። አንድሪያ ጌዝና ራይንሃርድ ጌንዜል በየ16 ዓመቱ የሚዞረውን ኮከብ ጨምሮ በዙሪያው ያሉትን ከዋክብት ለዓመታት ተከታትለው የ2020 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤልን ተጋርተዋል። የዚህ ጥቁር ጉድጓድ ምስል ግንቦት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ወጣ። የፍኖተ ሐሊብ እምብርት በምሽት ከፍ ብሎ የሚወጣው በሐምሌ ነው፤ ያኔ ደሴ በጉምና በዝናብ ትሸፈናለች። ስለዚህ መጋቢት ሲያልቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ወደ ደቡብ ማየት ይሻላል። አቧራ ስለሚጋርደው እምብርቱ ራሱ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው በዙሪያው የተዘረጋው ነጭ የከዋክብት መቀነት ነው።